በሽንኩርት መጋዘን የመውደቅ ትምህርት

እስቲ እናንተ ፍረዱኝ። አንድ ሰው መንገድ ላይ አስቁሟችሁ «ኑ፣ መውደቅ ላስተምራችሁ» ቢላችሁ ምን ትሉታላችሁ? የጨዋ ልጅ ከሆናችሁ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ዛሬ አይመቸኝም» ብላችሁ ታልፋላችሁ። እኔ አዳማ ላይ እንዲህ ያለ ጨዋ ብዙም አልገጠመኝም። አንዱ ጎረምሳ ከእግሬ እስከ ራሴ ገላምጦኝ፣ «መውደቁንስ ማትሪክ ላይ ጨርሼዋለሁ፣ ሌላ ነገር ካለህ አሳየኝ» ብሎኝ ሄዷል።

የማስተምረው አይኪዶ ነው፤ የጃፓኖች ባህላዊ የትግል ጥበብ። «ካራቴ ማለትህ ነው?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ፤ ሁሉም ይላል። አይደለም። «ቴኳንዶ?» አይደለም። «ታዲያ በምንድነው የሚመታው?» አይመታም! ጣጣው እዚህ ላይ ነው። አይኪዶ ውስጥ ሰውየው ሊመታህ ሲመጣ ጉልበቱን ተቀብለህ፣ ዞር ትልና በመጣበት ፍጥነት ትሸኘዋለህ። ዋንጫ የለው፣ ጡብ በግንባር መስበር የለው። ተሸኚው መሬት ላይ ስለሚያርፍም፣ ተማሪ ከሁሉ በፊት የሚማረው አወዳደቅን ነው፤ አገጭን ደረት ላይ ሰብስቦ፣ ጀርባን አክብቦ፣ መሬቱን በመዳፍ ጷ አድርጎ፣ ተንከባሎ መነሳት። ይህን አዲስ አበባ ከአንድ ትዕግሥተኛ አስተማሪ ዘንድ ለዓመታት ስወድቅ ስነሳ ተምሬ ወደ ተወለድኩባት ከተማ ስመለስ፣ አዳማ በሰልፍ የምትቀበለኝ መስሎኝ ነበር። ባለቤቴ ጽጌ፣ «ሰልፍማ አለ፣ የታክሲ ነው» አለችኝ። ጽጌ እንዲህ ናት፤ ሰው ከመሬት ከፍ ሲል ካየች አያስችላትም።

ለምን እንዲህ እንደተንገበገብኩ ልንገራችሁ። ቀን ቀን አንድ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ነኝ። ለመጣው ሁሉ ጎንበስ፣ ለሄደው ሁሉ ጎንበስ፤ ፎጣ ጠፋ ብሎ ለሚጮህብኝም ጎንበስ። አይኪዶ ሳስተምር ብቻ ነው ወገቤ ቀጥ የሚለው። ይህችን ሰዓት ከወሰዱብኝ ሌላ ምንም የለኝም።

አዳራሹን የሰጡኝ ሐጂ ከድር ናቸው። የእህል ነጋዴ ናቸው፤ ከእህል መጋዘናቸው ጀርባ፣ ቀድሞ ከመቂ የሚመጣ ሽንኩርት ይራገፍበት የነበረ ሰፊ አዳራሽ ነበራቸው። «ልጄ፣ ቤት ባዶውን ሲያድር ይታመማል። ግባበትና ሰው ሙላበት» አሉኝ። ጽጌና እኔ የስፖንጅ ቁርጥራጭ ለቅመን በሸራ ሰፍተን ወለሉን አነጠፍነው። ሽንኩርቱ ከሄደ ዓመታት ቢያልፉትም ሽታው ግን ቤቱን ለቆ ለመውጣት ፈቃደኛ አልነበረም። የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ገና ስም ሳንለዋወጥ እንባቸው ዱብ ዱብ ይል ጀመር። «ማስተሩ ሳይነካህ ነው የሚያስለቅስህ» የሚል ወሬ ከተማው ውስጥ ተነዛ። እውነቱን ለመናገር ይህን ወሬ አላስተባበልኩም።

ወሬውን ሰምቶ በመጀመሪያ የመጣው ቦንሳ የሚባል የባጃጅ ሹፌር ነው። «ማስተር፣ ፌርማታ ላይ አንድ ተራ አስከባሪ አለ። እሱን በአንድ ምት የምዘርርበትን ብቻ ያሳዩኝ፤ ሌላው ትርፍ ነው» አለኝ። አይኪዶ ለጠብ እንዳልሆነ ረጋ ብዬ አስረዳሁት። አንገቱን እየነቀነቀ ጨርሶ አዳመጠኝና፣ «ገባኝ። ምቱን ግን መቼ ነው?» አለ። በማግስቱ ጓደኞቹን ጭኖ መጣ፤ ሁሉም ባጃጅ ነጂ፣ ሁሉም ጠብ ያለሽ በዳቦ።

የመጀመሪያው ግጭት በሰላምታው ተነሳ። በአይኪዶ ሥርዓት ትምህርት ሲጀመር ተንበርክኮ ግንባርን ወደ መሬት ዝቅ ማድረግ አለ። ገና «ተንበርከኩ» ከማለቴ አንዱ ልጅ ተነስቶ፣ «ማስተር፣ ስግደት ለፈጣሪ ብቻ ነው» አለ። «ልክ ነው» አለ የመስጊዱ ልጅ። «አሜን» አለ የጸሎት ቤቱ ልጅ። ኳስ ላይ እንኳ የማይስማሙ ልጆች በእኔ ላይ አንድ ሆኑ። ያዳኑኝ ሐጂ ከድር ናቸው፤ ጩኸቱን ሰምተው ብቅ ሲሉ ልጆቹ በሙሉ ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው፣ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው «ኖር!» አሏቸው። እሳቸውም «በአላህ፣ ተቀመጡ» አሉና ወደ እኔ ዞረው፣ «ታዲያ ይኸው አይደለም እንዴ የምትፈልገው?» አሉኝ። ይኸው ነበር! ከዚያ ቀን ጀምሮ የእኛ ሰላምታ ኖር ሆነ። ችግሩ ባጃጅ ነጂ ሰዓት አያውቅም፤ «ሰው አድርሼ» እያለ አንድ በአንድ ነው የሚመጣው። በመጣ ቁጥር ክፍሉ በሙሉ ብድግ፣ ኖር፣ ቁጭ። የመጀመሪያው ሳምንት ትምህርታችን በአብዛኛው መነሳትና መቀመጥ ነበር።

ይህን ሁሉ እችለው ነበር። ያልቻልኩት የሕዝባችንን ደግነት ነው።

ቦንሳን መሐል አቁሜ፣ እጄን እንዲይዘኝ አድርጌ፣ ለስለስ አድርጌ ጣልኩት። መሬት ገና ሳይነካ አዳራሹ በአንድ አፍ «እኔን! እኔን ይድፋኝ!» ብሎ ጮኸ። ሁሉም ግር ብለው መጥተው አነሱት። አንዱ አቧራ ያራግፍለታል፣ ሌላው ጉልበቱን ያሽለታል፣ ሦስተኛው «ውሃ! ውሃ ስጡት!» ይላል። ቦንሳም በሰው ብዛት ተደናግጦ የታመመ መሰለው መሰለኝ፣ ማንከስ ጀመረ።

«ተዉት! ይውደቅ! ራሱ ይነሳ!» ብዬ ጮህኩ።

እንደ አረመኔ ነው ያዩኝ። ሰው ወድቆ ቆሞ ማየት በእኛ አገር ነውር ነው፤ ጃፓኖች ይህን አላሰቡበትም። እሺ እርስ በርስ ተጣጣሉ ብዬ ጥንድ ጥንድ አደረግኳቸው። ይባስ! ጣዩ ወዳቂውን ከጀርባው ደግፎ፣ ቀስ ብሎ፣ እንቅልፍ እንደወሰደው ሕፃን አስተኛው፤ ከዚያም «ይመቻል?» ብሎ ጠየቀው። ያን ዓመት ሙሉ ያሳየሁት ብስጭት ሁሉ የተጀመረው በዚያች «ይመቻል?» ነው።

በማግስቱ ተማሪው ሳሳ። የቀሩትም ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ «ማስተር፣ ቀበቶው መቼ ነው?» ከወገባቸው ላይ ሌላ ቀለም ካላሰርኩ እንደማይቆዩልኝ ገባኝ። አዲስ አበባ ያሉት አስተማሪዬ ቢጫ ቀበቶ የሰጡኝ ጥርሴን ነክሼ ብዙ ከደከምኩ በኋላ ነበር። ምን ላድርግ፣ የቸገረው እርጉዝ ያገባል። «ነገ ለሁላችሁም ቢጫ!» አልኳቸው።

ከየት ይመጣል? ጽጌን ብጠይቃት፣ «እርድ አለልህ፣ ቢጫ ያደርጋል» አለችኝ። ነጫጭ ቀበቶዎቹን ሰብስበን እርድ ውስጥ ዘፈዘፍናቸው፤ አደሩ፤ ደረቁ፤ ምን የመሰለ ቢጫ ሆኑ! ልጆቹ ታጥቀው ደረታቸውን ሲነፉ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለው ተረት ወደ ጆሮዬ አልመጣም።

ወሩ ግንቦት ነው። የአዳማን የግንቦት ሙቀት ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ከንቱ ድካም ነው፤ የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እንኳ፣ ሰው እንደ ቅቤ ነው የሚቀልጠው። ላቡ ወረደ፣ እርዱም አብሮት ወረደ። ልጆቹ ላባቸውን በቀበቶው ጫፍ እየጠረጉ፣ ፊታቸው፣ አንገታቸው፣ መዳፋቸው፣ የጥፍራቸው ሥር ቢጫ ሆኖ ወደየቤታቸው ገቡ። እናቶች ልጆቻቸውን በር ላይ ሲያዩ ምን አሉ? «የወፍ በሽታ!»

በነጋታው ቦንሳ ባጃጅ ውስጥ የሚሳፈር ጠፋ። አንዱን ልጅ እናቱ መድኃኒት ቀማሚ ዘንድ ወስዳው መራራ ሥር ሲያስውጡት ዋሉ። ተራ አስከባሪው፣ ያ በአንድ ምት ሊዘረር የነበረው፣ ቦንሳን አይቶ በነጠላው አፍንጫውን ሸፍኖ ሸሸ፤ ቦንሳ ኋላ ላይ፣ «አይኪዶ የሠራልኝ ያን ቀን ብቻ ነው» ብሎኛል። ቀትር ላይ ሐጂ ከድር አስጠሩኝ።

«አካም ጂርታ ልጄ» አሉ፤ ፊታቸው ግን ሰላምታ ላይ አልነበረም። «ግቢዬ ውስጥ የወፍ በሽታ ገብቷል ይላሉ። እውነት ነው?»

«ሐጂ፣ እርድ ነው።»

«እርድማ ለወጥ ነው።»

«ለቀበቶ አድርገነው ነው።»

 ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ስማኝ። ታላቅ እህቴ ሩቂያን ታውቃታለህ። ልጇ ጀማል አዳራሹን ለፑል ቤት ስጠኝ ብሎ ነዝንዞ ጨረሰኝ። እኔ ደግሞ ቤቱን ለአንተ የሰጠሁት ሰው ይሞላዋል ብዬ ነው። ክረምቱ እስኪገባ ካልሞላ ለልጅሽ እሰጣለሁ ብዬ ለእህቴ ቃል ሰጥቻለሁ። ቃል ደግሞ ቃል ነው።»

 ወደ አዳራሹ ገብቼ ባዶው ሸራ ላይ ተቀመጥኩ። አለቀስኩ፤ ሽንኩርቱ ነው ብላችሁ እለፉኝ።

ጽጌ አግኝታኝ አጠገቤ ቁጭ አለች። ልታጽናናኝ መስሎኝ ነበር። «ሰው ምን እንደሆነ የማያውቀውን ነገር አይገዛም። አውጥተህ አሳየው» አለችኝ። እውነቷን ነው። እሁድ ዕለት ከሐጂ መጋዘን ፊት ለፊት፣ መንገድ ዳር፣ ለሕዝብ ትርኢት ላሳይ ወሰንኩ። ሸራውን ዘረጋን። አብሮኝ የሚታገል ጠፍቶ ቦንሳን ለመንኩት፤ አዝኖልኝ መጣ፤ ቢጫው ከጥፍሩ ሥር ገና አልለቀቀም ነበር።

ሰው ተሰበሰበ። ከገበያ የሚመለሱ እናቶች፣ የሐጂ ደንበኞች፣ ከመስጊድ የወጡ ሽማግሌዎች፣ ከቤተ ክርስቲያን የተመለሱ ባለነጠላዎች። ልቤ ዘለለ። ቦንሳ ግን አልመታም አለ። እጁን ያነሳና፣ «ይቅርታ ማስተር» ብሎ ትከሻዬን ዳበስ ያደርገኛል። ሕዝቡ ማዛጋት ጀመረ። ጠጋ ብዬ፣ «ቦንሳ፣ ሞቼ ልገኝ፣ እኔን እንደዚያ ተራ አስከባሪ አድርገህ እየኝ» አልኩት።

አየኝ። ዓይኑ ተለወጠ። «አንተ ሌባ!» ብሎ ተወረወረብኝ።

ዞር አልኩ፤ ሸኘሁት። ምን ልበላችሁ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ውርወራ ወርውሬ አላውቅም! ቦንሳ አየር ላይ ተንሳፍፎ፣ ሸራው ላይ ጷ ብሎ አርፎ፣ ተንከባሎ ቆመ። ጭብጨባ ጠበቅኩ።

«እኔን! ልጁን ገደለው!»

እናቶች ሸራው ላይ ወጡ። ቦንሳን ከብበው ያገላብጡታል፤ እሱ «ደህና ነኝ» ሲል «ዝም በል፣ አልታወቀህም ገና» ይሉታል። ሽማግሌዎች እኔንና እሱን በመሐል ቆመው ለዩን። ሐጂ ከድርም ከነሱ መሐል ናቸው። አንድ ባለ ከዘራ ሽማግሌ፣ «ተቀመጡ ሁለታችሁም። ጠባችሁ ምንድነው?» አሉ።

«አባቴ፣ ጠብ የለንም፣ ትርኢት ነው።»

«እሱማ ተጣይ ሁሉ የሚለው ነው። ልጄ፣ አንተ ተናገር።»

ቦንሳ ውሸት አያውቅም። «እኔ አልመታም ብዬው ነበር። እሱ ነው ምታኝ ብሎ የለመነኝ» አለ።

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። «ለምኖ? ለምኖ አስመትቶ መልሶ ልጁን ወረወረው?» አሉ ባለ ከዘራው። «እንዲህ ያለ ነገረኛ አይቼ አላውቅም!» የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል፤ ከየአቅጣጫው ምክር ወረደብኝ። ትዕግሥት ማድረግ እንዳለብኝ፣ ትልቅ ሰው እንደሆንኩ፣ የትዳር ጉዳይም ካለ ለእነሱ እንድናገር። ጽጌ ከዳር ቆማ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ስትስቅ አየኋት። በመጨረሻ ጥፋቱ የእኔ ሆኖ ተፈረደ። ተነስቼ የቦንሳን ትከሻ ስሜ ይቅርታ ጠየቅኩ። ቦንሳም «ይቅር ለእግዜር» አለኝ፤ ስሜት ገብቶት ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «ክፉ አይንካችሁ፣ ሰይጣን ይፈር» ተብለን ተመረቅን፣ ሕዝቡ «አሜን» አለ፣ ደስ ብሎት ተበተነ። ሰው እንዲህ ረክቶ የተመለሰበት ትርኢት ኖሮ አያውቅም። የተመዘገበ ግን አንድም ሰው የለም።

ሸራውን ስጠቀልል ግድግዳ ይዘው የቆሙ አንድ እናት አየሁ። እንደ እናት አዴ የምንላቸው ሩቂያ ናቸው፤ የሐጂ ታላቅ እህት፣ የጀማል እናት።

«ያ ልጅ እንደ ጆንያ ነው የተወረወረው» አሉኝ። «አጥንቱ እንዴት አልተሰበረም?»

«አወዳደቁን ያውቃል፣ አዴ።»

 አምና ክረምት የግቢያቸው ጭቃ አንሸራቷቸው እጃቸው ተሰብሮ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያለ ግድግዳ አይሄዱም። ጀማል ደግሞ ስለሚወዳቸው ከበር እንዳይወጡ ከልክሏቸዋል፤ ያን ቀን የመጡት ከወንድማቸው ቤት ልድረስ ብለው ነው። «ገበያ ካየሁ ስንት ጊዜዬ!» አሉኝ። «ቡናም ቲማቲምም ሌላ ሰው መርጦ ነው የሚያመጣልኝ። መራጭ ነበርኩ እኮ እኔ።» ከዚያ ወዲያና ወዲህ ቃኝተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጄ፣ በዚህ ዕድሜ መውደቁ አይቀርም። አወዳደቁን ልወቀው። ለከድርም ለጀማልም ግን እንዳትነግር፤ አሮጊቷ ጨርቋን ጣለች ይሉኛል።»

ሳይደግስ አይጣላም ይሉ የለ? ደገሰ። በእርግጥ እሳቸውን እኔ እጃቸውን ይዤ ማስተማሩ አግባብ አልነበረም፤ ጽጌ ገባችበት። ስትሳለቅብኝ የኖረችው ጽጌ ለካ በበሩ ሽንቁር እያየች ሁሉንም ተምራዋለች! የሴቶቹን ወገን ይዛ፣ አዴን ከፍራሽ ላይ ቁጭ ብለው ወደ ጎን ከመውደቅ አስጀመረቻቸው። አዴ ጎረቤታቸውን አመጡ፤ ጎረቤታቸው የእድር ጓደኛቸውን፤ የእድር ጓደኛቸው ባለቤታቸውን። ባለ ከዘራው ሽማግሌም መጡ፤ ሲገቡ «እኔ ለጠቡ አይደለም» አሉኝ። አዳማ ውስጥ ለካ የወደቀና መውደቅ የሚፈራ ሰው ብዛት! ቦንሳ በባጃጁ እያመላለሰ ሲያመጣቸው በዚያው ራሱ ተመልሶ ተማሪ ሆነ።

ደግነቱ አልቀረም ታዲያ። አንዱ በወደቀ ቁጥር አዳራሹ «እኔን!» ይላል። ከዚህ በኋላ መከልከሉን ትቼ ተደራደርኩ፤ «በአፍ ብቻ! እጅ ወደ ኋላ!» ተስማማን። ጃፓኖች ሲወረውሩ የሚያሰሙት የራሳቸው ጩኸት አላቸው፤ የእኛ ሽንኩርት መጋዘን ደግሞ ይኼው ነው፦ ጷ! እኔን! ጷ! እኔን!

ሐጂ ከድር ሰው ሲገባ ያያሉ፤ እህታቸው ግን «የእድር ስብሰባ ነው» ብለዋቸዋል። ስለዚህ ያ ሁሉ ሰው ለእኔ አልተቆጠረም። አንድ ቀን ግቢው ውስጥ አግኝተውኝ፣ «ይህ እድር እንዴት ያለ ነው? ጭብጨባ በዛበት» አሉኝ። ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ የአዴን ቃል አስታውሼ መልሼ ዘጋሁት። ሰማዩ መጥቆር ጀምሯል። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ፣ እኔ ግን ባዶ ነው ተብሎ ልባረር ነው። ሳቄም ልቅሶዬም መጣ።

የመጀመሪያው ዝናብ በጣለ ማግስት ጀማል የፑል ጠረጴዛውን በአይሱዙ ጭኖ መጣ። ከፊት ሐጂ፣ ከኋላ ጀማል በሩን ከፍተው ቆሙ። እኛ ትምህርት ላይ ነን። ክፍሉ እንደ ወጉ ብድግ ብሎ «ኖር!» አላቸው። አንድ ሰው ብቻ አልተነሱም፤ አዴ ሩቂያ ረጅም ቀሚሳቸውን በሱሪያቸው ላይ ሰብስበው፣ አገጫቸውን ደረታቸው ላይ ቀብረው፣ በሸራው ላይ እየተንከባለሉ ነበር።

«እናቴ?» አለ ጀማል። 

ነገሩን ላስረዳ ወደ በሩ ሮጥኩ። በሩ ሥር የተማሪዎቹ ጫማ ክምር አለ፤ በሥርዓት ደርድሩ ብል የሚሰማኝ ጠፍቶ። አንዱን ኮንጎ ጫማ ረገጥኩ። እኔ፣ ለዓመታት አወዳደቅ የተማርኩ፣ የከተማው ብቸኛ የመውደቅ አስተማሪ፣ አገጬን ሳልሰበስብ፣ ጀርባዬን ሳላክብብ፣ እጅ እግሬ ተበትኖ ሸራው ዳር ላይ ዘጭ አልኩ።

«እኔን!» አለ አዳራሹ፣ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ።

ደንቡ ሐጂን አልያዛቸውም። ጫማቸውን አውልቀው ዘለው ገቡና፣ በጉልበቴ ልነሳ ስል፣ «እኔን ይድፋኝ ልጄ!» ብለው የእጄን አንጓ በሁለት እጃቸው ለቀም አደረጉኝ።

ሰዎች፣ አንጓዬን በሁለት እጅ መያዝ! ያን ያህል ዘመን የተለማመድኩት እኮ ለዚህ ነው! ክንዴ እኔን ሳያማክር ዞረ። ጉልበታቸውን ተቀበለ። ሸኘ። የቤቱን ባለቤት፣ የቀጠሮዬ ቀን በደረሰበት ዕለት፣ በእህታቸውና በእህታቸው ልጅ ፊት ወረወርኳቸው።

ሐጂ አየር ላይ ሲዞሩ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ጷ!

ዓይኔን ስከፍት ሐጂ አገጫቸው ደረታቸው ላይ ነው፤ መዳፋቸው ሸራው ላይ ተዘርግቷል፤ ቆባቸው እንኳ ከራሳቸው አልወረደችም። ተንከባለው ቁጭ አሉ። እንከን የሌለው አወዳደቅ! 

«ከድር!» አሉ አዴ ሩቂያ። «ይህን ከየት ተማርክ?»

ሐጂ መጀመሪያ አቧራቸውን አራገፉ። «እህል መጋዘኑ ውስጥ ወደዚህ የምታሳይ መስኮት አለች» አሉ እንደ ማፈር ብለው። «እድር መሆኑን ላጣራ ብዬ ነው አንድ ቀን ያየሁት። ከዚያ... ጆንያዎቹ ላይ ሞከርኩት። አንቺ የደበቅሽውን ደግሞ እኔ እንዴት ላውጣው?» ከዚያ ሳቅ አፈናቸው፤ ሆዳቸውን ይዘው፣ «እኔን ይድፋኝ ብዬ ለመንኩ፣ ይኸው ደፋኝ!» አሉ።

ሳቁ ከማለቁ ባለ ከዘራው ሽማግሌ መሐል ገቡ። «ተቀመጡ!» አሉ። «የቤት ባለቤት ተደፍቷል። ይህ በሳቅ የሚያልፍ ነገር አይደለም። ዳኝነት አለበት።» እኔና ሐጂ ትይዩ ተቀመጥን። «ካሳውን ማን ይናገር?»

«እኔ» አሉ አዴ ሩቂያ። ያለ ግድግዳ፣ በገዛ እግራቸው መሐል ድረስ ሄደው ቆሙ። ጀማል እናቱን ያያል፤ የቆሙበትን ያያል፤ ከግድግዳው ያላቸውን ርቀት ያያል።  «ቃሉ የተሰጠው ለእኔ ነው፤ እኔም መልሼዋለሁ» አሉ አዴ። «ይህ ሰው ወንድሜን ደፍቷል። ካሳው ይኸው፦ የዚህ ከተማ ሽማግሌና አሮጊት በሙሉ መውደቅ እስኪችል ድረስ ከዚህ ቤት ንቅንቅ አይልም!»

አዳራሹ «አሜን» አለ። የሐጂን ትከሻ ሳምኩ። ወገቤ ቀጥ ሲል ተሰማኝ።

የፑል ጠረጴዛው አሁን ከእህል መጋዘኑ ፊት፣ ከጣራው ክፈፍ ሥር ቆሟል፤ እኛ ስንወድቅ ግድግዳው ስለሚርገበገብ ኳሱ ባልተመታበት አቅጣጫ ይሄዳል እያሉ ተጫዋቾቹ ያማርራሉ። አዴ ሩቂያ ቲማቲማቸውን ራሳቸው መርጠው ይገዛሉ፤ የገበያው ነጋዴዎች «መራጯ ተመለሱ» ብለው ተሸብረዋል አሉ።

ባለፈው ሐሙስ ጀማል ጨዋታ ሰለቸው መሰለኝ፣ ጫማውን በር ላይ አውልቆ ገባ። ኖር ተባለ፣ ተቀመጠ፤ ሽንኩርቱ ዓይኑን አቃጠለው። ትንሽ ቆይቶ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ፣ «ማስተር፣ ቀበቶው መቼ ነው የሚሰጠው?» አለኝ።

ልመልስለት ስል እናቱ ከሴቶቹ ወገን ቀደሙኝ።

«መጀመሪያ ውደቅ!»